ኢንዲጂነስ ስተዲስ ማይነር ላድርገው ወይስ ይቅርብኝ?

ሁለተኛ_አመት፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ካናዳ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ማይነር (ከዋናው ትምህርት ጎን የሚያዝ ሁለተኛ ዘርፍ) ምረጪ ተብዬ አድቫይዘሬ ሳይኮሎጂ ይሻልሻል ትለኛለች፣ እኔ ግን ልቤ ያለው ኢንዲጂነስ ስተዲስ (የካናዳ ነባር ህዝቦች ጥናት) ላይ ነው። መግቢያውን ኮርስ ወስጄዋለሁ፣ 150,000 ገደማ የነባር ህዝቦች ልጆች ከቤተሰብ ተነጥለው ሬዚደንሻል ስኩል (ባህልና ቋንቋቸውን ለማስረሳት የተከፈተ አዳሪ ትምህርት ቤት) እንደገቡና የመጨረሻዎቹ የተዘጉት በ1990ዎቹ መሆኑን ስሰማ (አመቱ በፈረንጅ ነው) አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ እናት እዛ ተምራ ሊሆን ይችላል ማለት ነው ብዬ ደነገጥኩ፣ ከዛ ወዲህ መተው አልቻልኩም። ግን ስራ ላይ ምን ያደርግልኛል? ደግሞስ ከሌላ አገር መጥቼ የነሱን ጉዳይ አጠናሁ ማለት አያስቀይምም? የተማራችሁት ካላችሁ በናታችሁ ንገሩኝ

ሚሚ_ዋርድ፦
ያዢው የኔ እህት። በ2015 ትሩዝ ኤንድ ሪኮንሲሊዬሽን ኮሚሽን (የነዚህን ትምህርት ቤቶች በደል ያጣራው ኮሚሽን) ካወጣቸው 94 ጥሪዎች 24ኛው ስለኛ ነው፣ የሜዲካልና የነርሲንግ ተማሪ በሙሉ ስለ ነባር ህዝቦች ጤና ኮርስ ይውሰድ ይላል። አንድ ኮርስ ግን ነካ አድርጎ ነው የሚያልፈው። ጠለቅ ስትዪ ጆርዳን ሪቨር አንደርሰንን ታገኚዋለሽ፣ ማኒቶባ ፕሮቪንስ ውስጥ ከኖርዌይ ሃውስ የሆነ የክሪ (ከነባር ህዝቦቹ አንዱ) ልጅ ነው፣ ከተወለደ ጀምሮ ሆስፒታል ነበር፣ ሀኪሞቹ ወደ ቤት መሄድ ይችላል ካሉ በኋላ የቤት ውስጥ እንክብካቤውን ማን ይክፈል እያሉ ፌደራሉና ፕሮቪንሱ ሲጨቃጨቁ በ2005 ገና በ5 አመቱ እዛው ሆስፒታል ሞተ፣ ቤቱን ሳያይ። ጆርዳንስ ፕሪንሲፕል የሚባለው ከዛ የመጣ ነው፣ መጀመሪያ ህጻኑ አገልግሎቱን ያግኝ ሂሳቡን በኋላ ተጨቃጨቁበት ነው ነገሩ። ይሄን የማታውቅ ነርስ ከሪዘርቭ (ለነባር ህዝቦች ከተከለለ መሬት) የመጣ ልጅ ህክምናው ሲጓተት ካየች «ቤተሰቡ ቸልተኛ ነው» ብላ ቻርት ላይ ትጽፋለች፣ በአይኔ አይቻለሁ።

ቁርጡን_ተናጋሪ፦
እኔ ትንሽ ላቀዝቅዘው። ማይነር ብቻውን ስራ አያስቀጥርም፣ ሰሜን ወይም ሪዘርቭ ክሊኒክ ለምታመለክት ልዩነት ያመጣ ይሆናል፣ ከተማ ውስጥ አይሲዩ (ጽኑ ህሙማን ክፍል) ለምትገባ ግን ማንም አይጠይቃትም። ደግሞ ንባቡ ብዙ ነው፣ ኤሴይ በኤሴይ ነው፣ መልቲፕል ቾይስ ለለመደ ነርሲንግ ተማሪ ይከብዳል። ክሊኒካል ካለብሽ ቀን ክላስ እንዳይጋጭብሽ ታይምቴብሉን አስቀድመሽ እዪ። ለፍቅሩ ከሆነ ያዢ፣ ለሲቪ ከሆነ ግን አድቫይዘርሽ አልተሳሳተችም

ህግ_በህግ፦
ባህል ብቻ መስሏችሁ የምትገቡ ሰዎች ትደነግጣላችሁ፣ ግማሹ ህግ ነው። ኢንዲያን አክት (የነባር ህዝቦችን ጉዳይ የሚገዛው ህግ) የወጣው በ1876 ነው፣ ብዙ ጊዜ ተሻሽሎ ዛሬም ይሰራበታል፣ ማን «ስታተስ» (በህጉ የታወቀ አባልነት) አለው ማን የለውም የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። እስከ 1985 ድረስ ስታተስ ያላት ሴት ስታተስ የሌለው ወንድ ካገባች የሷ ይሰረዝ ነበር፣ ወንዱ ሲያገባ ግን ጭራሽ ሚስቱም ታገኝ ነበር!! እኔን የያዘኝ ደግሞ የዴልጋሙክ ክስ ነው። የጊትክሳንና የዌትሱዌተን ህዝቦች ሽማግሌዎች ፍርድ ቤት ቀርበው የመሬታቸውን ታሪክ በቃልና በዜማ አስረዱ፣ የታች ፍርድ ቤቱ ዳኛ ከቁብ አልቆጠረውም፣ በ1997 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የቃል ታሪክም ተገቢው ክብደት ይሰጠው አለ። መሬቱን ግን አልፈረደላቸውም፣ ጉዳዩ እንደገና ይታይ ብሎ ነው የመለሰው። ለመጀመሪያ ጊዜ መሬቱ ያንተ ነው ተብሎ የተፈረደለት የሲልኮቲን ህዝብ ነው፣ እሱም በ2014።

በነገራችን ላይ የቋንቋ ኮርስ ካላቸው ክሪ ወይም ኢኑክቲቱት (የኢኑዊት ህዝብ ቋንቋ) ሞክሪ። በራሳቸው ፊደል ሲጻፉ ያው ቅርጽ ይዞርና አናባቢው ይቀየራል፣ ሀሁ ለቆጠረ ሰው ሀሳቡ ቶሎ ነው የሚገባው።

ሁለተኛ_አመት፦
ተባረኩ ሁላችሁም፣ ስለ ጆርዳን ሳነብ አመሸሁ። ክላስ ውስጥ እንዴት እንደምሆን ግን አሁንም ፈራ ተባ እያልኩ ነው፣ ባልሆነ ነገር እንዳላስቀይም

ሚሚ_ዋርድ፦
ከሌላ አገር መምጣትሽ አያስቀይምም፣ ዝም ብሎ መስማት መቻል ነው። ከ630 በላይ ፈርስት ኔሽን ኮሚኒቲ አለ፣ ኢኑዊትና ሜቲ የሚባሉት ነባር ህዝቦች ደግሞ ሌላ ናቸው፣ ስለዚህ «እነሱ እንዲህ ያምናሉ» እያልሽ በጅምላ አታውሪ። የክላስ ጓደኛሽንም ህዝቡን ወክለሽ አስረጂኝ አትበያት፣ እሷም እንዳንቺ ክሬዲት ፍለጋ ነው የመጣችው 😅 ኤልደር (የነሱ ሽማግሌ) ተጋብዞ ሲናገር ሳታስፈቅጂ አትቅጂ። ሪሰርች ላይ ደግሞ ኦካፕ የሚሉት አሰራር አለ፣ ስለ ኮሚኒቲው የተሰበሰበ ዳታ ባለቤቱም አዛዡም ኮሚኒቲው ነው፣ አንቺ ሰበሰብሽ ተብሎ ያንቺ አይሆንም።

አሁንም ካመነታሽ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ኢንዲጂነስ ካናዳ የሚል ኮርስ ኮርሴራ (የኦንላይን ትምህርት ድረገጽ) ላይ አለው፣ 12 ትምህርት ነው፣ በነጻ መከታተል ይቻላል። እሱን ጨርሰሽ ካልሰለቸሽ ተመዝገቢ።

ቁርጡን_ተናጋሪ፦
በዚህ እስማማለሁ። አድቫይዘርሽን ስታገኚ ደግሞ የወሰድሽው መግቢያ ኮርስ ለማይነሩ ይቆጠር እንደሆነና ኤሌክቲቭሽ ውስጥ ስንቱን ማስገባት እንደምትችይ ጠይቂያት፣ መልሱን ደግሞ በኢሜል ይሁን።