ላል ሲንግ ቻዳን ያያችሁ፣ ለምንድነው እንደዚህ የቀዘቀዘብኝ?

የጠባሴዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ ከደብረ ብርሃን ነኝ። ህንድ ፊልም እያየሁ ነው ያደግኩት፣ አሚር ካንን ደግሞ ከሁሉም አስበልጬ ነው የምወደው፣ ስለዚህ ፎረስት ጋምፕን በህንድኛ ሰራው ሲባል በጣም ነበር የጓጓሁት። የቶም ሃንክሱ የ1994ቱ 6 ኦስካር ያገኘ ፊልም ነው፣ ባየሁት ቁጥር ያስለቅሰኛል። የ2022ቱን የአሚርን ሳይ ግን ምንም! እግሩ በብረት የታሰረው ልጅ አለ፣ ሩጫው አለ፣ ጦርነቱ አለ፣ የልጅነት ፍቅሩ አለች፣ ፌርማታ ላይ የነበረው ወሬ ባቡር ውስጥ ሆኗል፣ ቸኮሌቱ ጎልጋፓ የሚባለው የህንዶች የመንገድ ላይ መክሰስ ሆኗል፣ የጓደኛው የሽሪምፕ ቢዝነስ የውስጥ ልብስ ሆኗል። ከ2 ሰዓት ተኩል በላይ ቁጭ ብዬ አንድ እንባ አልወጣኝም፣ እኔ እኮ በህንድ ፊልም ማልቀስ የማይከብደኝ ሰው ነኝ። ትወናው ነው ስክሪፕቱ? ወይስ ኦሪጅናሉን ስለማውቀው ነው?

ሸዋሮቢት፦
ለኔ ትወናው ነው። አይኑን ማፍጠጡና ህምምም እያለ ማውራቱ ፒኬ በሚለው ፊልሙ ላይ ያየነው ነገር ነው፣ እዛ ከሌላ አለም የመጣ ስለሆነ ያምርበት ነበር። ቶም ሃንክስ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ የዋህነቱን አንቺው ራስሽ ነሽ የምታገኚው። አሚር ግን የዋህ ነኝ የዋህ ነኝ እያለ ያሳይሻል።

የመሃል ሜዳ ልጅ፦
እህቴ እኔ የፎረስትን የጦር አዛዥ ሌተናንት ዳንን ስላጠፉት ነው የምለው። ዳን እኮ ከወታደሮቹ ጋር እዛው መሞት ነበር የሚፈልገው፣ ፎረስት ተሸክሞ አወጣው፣ ሁለቱንም እግሩን አጣ፣ ለምን አዳንከኝ ብሎ ስንት ጊዜ ጠላው፣ አመሰግናለሁ ለማለት ግማሽ ፊልም ፈጅቶበታል። የህንዱ ፎረስት ላል ደግሞ ካርጊል ላይ፣ በህንድና ፓኪስታን ጦርነት፣ መሃመድ የሚባል የጠላት ተዋጊ ተሸክሞ ያድናል። ሃሳቡ ግሩም ነው፣ እውነቴን ነው፣ ጠላትህን ሳታውቅ ማዳን ራሱን የቻለ ፊልም ይወጣዋል። ግን ሰውየው ህንድ ውስጥ እንደልቡ ሲኖር ማነህ ከየት ነህ የሚለው የለም፣ ንዴቱም ብዙ ሳንቆይበት ይበርድና የቢዝነስ ሸሪክ ይሆናል። ካርጊል በ1999 ነው፣ የኛም ሰዎች ባድመ በነበሩበት ሰሞን። አጎቴ አንድ እግሩን እዛ ጥሎ ነው የመጣው፣ ክራንች ያቀበለውን ሰው ይቆጣ ነበር፣ ያዘነለትን አይወድም፣ ቤተክርስቲያን መሳም እንኳን ትቶ ነበር ለስንት አመት። ዳን በዛ ማዕበል መርከብ ላይ ሆኖ ፈጣሪ ላይ ሲጮህ ሳይ አጎቴን ነው ያየሁት። መሃመድ ላይ ማንንም አላየሁም።

አንኮበር፦
በዳን እስማማለሁ ግን ፊልሙ ባዶ ነው አትበሉ በናታችሁ። የህንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንድራ ጋንዲ በ1984 የሲክ ሃይማኖት ተከታይ በሆኑ ጠባቂዎቿ ስትገደል ዴልሂ ላይ ሲኮችን ማሳደድ ተጀመረ አይደል፣ የላል እናት ልጇ ሲክ መሆኑ እንዳይታወቅባት መንገድ ላይ ደብቃ በተሰበረ መስታወት ፀጉሩን የምትቆርጥበት ሲን አለ። ለሲክ ፀጉር መቆረጥ እኮ ማተብ እንደመበጠስ ነው፣ ያውም በገዛ እናት እጅ። እኔ እዛ ላይ አልቅሻለሁ። ያቺን ሲን ከአሜሪካኑ አልወሰዷትም፣ ከራሳቸው ቁስል ነው ያመጧት፣ ለዛ ነው የምታመው። ከዛ በኋላ ግን ረብሻ በተነሳ ቁጥር እናትየው ውጭ ወባ ገብቷል አትውጣ ትለዋለች፣ ፊልሙም አብሮት በሩን ዘግቶ ይቀመጣል፣ ያ ሁሉ የህንድ ታሪክ በቲቪ ያልፋል። ቦይኮት፣ ማለትም ፊልሙን አትዩ የሚል ዘመቻ፣ ስለተጠራበት ነው የከሰረው የሚሉ አሉ፣ ይሁን፣ ቦይኮት ህንድ ውስጥ ቲኬት ያስቀራል እንጂ እኛን እዚህ ሸዋ ያለነውን አያቀዘቅዘንም። ድፍረት ነው ያነሰው፣ እንደዛች የመስታወት ሲን አራት አምስት ቢጨምሩ ኖሮ ኦሪጅናሉን ማንም አያነሳም ነበር።

የጠባሴዋ፦
የፀጉሩን ሲን ረስቼው! እውነትህን ነው እሱ ላይ ደንግጬ ነበር። የመሃል ሜዳው ወንድሜ ለአጎትህ እግዜር ብርታቱን ይስጥልን። ፎረስት ጋምፕን ዛሬ ማታ ደግሜ ላየው ነው፣ አሁን ዳንን ብቻ እየተከተልኩ።