ለእናቴ ቤት ስማርት ቲቪ ልገዛ ነው፣ ጥምቀት ሳይደርስ ምከሩኝ

የማራኪዋ ልጅ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። ጎንደር፣ ማራኪ ነው ያለሁት። የቤታችን ቲቪ ባለፈው ሳምንት ሄደ። መብራት ጠፍቶ ቆይቶ ማታ ሲመጣ ጧ አለና ጨለመ። ሠሪ ቤት ወሰድኩት፣ ለማሠሪያ የተጠየቅኩት ብር ትንሽ ቢጨመርበት አዲስ ይገዛል። ስለዚህ አዲስ ልገዛ ቆርጫለሁ።

የቸኮልኩት ለእናቴ ብዬ ነው። ድሮ ለከተራ ታቦቱን ተከትላ እስከ ፋሲለደስ መዋኛ በእግሯ ነበር የምትወርደው። አሁን ጉልበቷ እምቢ አላት፣ በቲቪ ማየት ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። አምና በአሮጌው ቲቪ የካህናቱ ፊት አልለይ ብሏት ስክሪኑ ሥር ቆማ ነበር ያየችው። ዘንድሮ ሶፋዋ ላይ ቁጭ ብላ ጥርት አድርጋ እንድታይ ነው የምፈልገው።

ሌላው የቤቱ ሰው ደግሞ፣ አባቴ ኳስ ነው፣ ፋሲል ከነማ ሲጫወት ሪሞቱን ማንም አይነካም። የወንድሜ ልጆች ዩቲዩብ፣ እኔ ማታ ማታ ፊልም። ሳሎኑ ትልቅ አይደለም፣ ከሶፋው እስከ ግድግዳው 2 ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ዋይፋይ አለን፣ ፍጥነቱ ግን አንዳንድ ቀን ደህና ነው አንዳንድ ቀን ጭራሽ የለም።

ባለሱቆቹ ግራ አጋቡኝ። ፒያሳ አንዱ ሱቅ 55 ኢንች ፎርኬ አሳየኝ፣ ስሙን ሰምቼው አላውቅም። በዚያው ዋጋ ሌላው ሱቅ የታወቀ ብራንድ 43 ኢንች አለው። አዲስ አበባ ያለ ዘመዴ ደግሞ መርካቶ ይረክሳል፣ ገዝቼ በአውቶቢስ ልላክልሽ ይላል። የትኛውን ላድርግ?

ጠጋኙ፦
እህቴ፣ ቲቪ መጠገን ሥራዬ ነው፣ እዚሁ ጎንደር። በቀጥታ ልንገርሽ፣ ባለ 43ቱን ግዢ።

ምክንያቱን ላስረዳሽ። ካርቶኑ ላይ ፎርኬ የሚል ስቲከር ስለተለጠፈ ብቻ ቲቪው ፎርኬ አይሆንም። እውነተኛው ፎርኬ 3840 በ2160 ነጥብ ያለው ስክሪን ነው። ስማቸው ከማይታወቁት ውስጥ የፎርኬ ቪዲዮ ይቀበላሉ እንጂ ስክሪናቸው ከዚያ ያነሰ የሆኑ አሉ፣ እኔ ራሴ ከፍቼ አይቻለሁ። ማረጋገጥ ከፈለግሽ ላፕቶፕ ይዘሽ ሂጂ፣ በኤችዲኤምአይ አገናኚው፣ የፊደሉን መጠን በጣም አሳንሺ። እውነተኛ ከሆነ ትንንሾቹ ፊደላት ጥርት ብለው ይነበባሉ። ካልሆነ ጫፋቸው ይደበዝዛል። ባለሱቁ ይህን አላስደርግም ካለ መልሱን አግኝተሻል ማለት ነው።

ደግሞም በ2 ሜትር ተኩል ርቀት ፎርኬው ያን ያህል አያስፈልግሽም። ጤነኛ ዓይን በ43 ኢንች ላይ ፎርኬን ከፉል ኤችዲ (ከሱ አንድ ደረጃ ዝቅ ካለው ጥራት) ለይቶ የሚያየው ከ1 ሜትር ከ70 ገደማ ወዲህ ሲቀርብ ነው። ከዚያ ሲርቅ ልዩነቱ ይጠፋል። በ55 ኢንችም ቢሆን 2 ሜትር ከ20 አካባቢ ላይ ያበቃል። ለእናትሽ የካህናቱን ፊት የሚያጎላላቸው የብርሃኑ ጥራትና ቀለሙ ነው።

አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው ይረሳል። ሱቅ ውስጥ ቲቪውን ፊት ለፊት ቆሞ ነው የሚያየው። ቤት ግን ቡና ሲፈላ ጎረቤቱ ዙሪያውን ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ በጎን ሄደሽ ቁሚና እዪው። አንዳንዱ ፓኔል ከጎን ሲታይ ቀለሙ ይነጣል፣ ሰው ፊቱ አመድ ይመስላል። እናትሽ የሚቀመጡት ጥግ ላይ ከሆነ ይህ ከፎርኬው ይበልጣል።

አፄው ከአዘዞ፦
ከአዲስ አበባ ማስመጣቱን ተዪው። እኔ አቃጥሎኛል። ባለፈው ዓመት 50 ኢንች አስመጣሁ፣ ካርቶኑ ሳይቀደድ ደረሰ፣ ደስ ብሎኝ ስከፍተው ስክሪኑ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል። የላከልኝ ሱቅ ከእኛ ሲወጣ ደህና ነበር አለ፣ የጫነው መኪና እንደተቀበልኩት አደረስኩ አለ፣ ብሬ በመሃል ቀረ። ቲቪ ሁልጊዜ ቆሞ ነው የሚጫነው። ካስተኙትና ላዩ ላይ ሌላ ዕቃ ከጫኑበት አለቀለት፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ደግሞ ማንም አጠገቡ ቁጭ ብሎ አይጠብቅልሽም። ስክሪን ከተሰበረ የስክሪኑ ዋጋ ከአዲስ ቲቪ ብዙም አያንስም።

ከዚሁ ከጎንደር ትንሽ ጨምረሽ ግዢ፣ ሱቁ ውስጥ አስከፍተሽ፣ በርቶ አይተሽ፣ ማኅተም ያለው ደረሰኝና ዋስትና ይዘሽ ውጪ። አንድ ነገር ቢሆን በእግርሽ ሄደሽ የምታገኚው ሰው ነው የሚያስፈልግሽ።

ለአባባ ኳስ 60 ኸርዝ (ስክሪኑ በሴኮንድ 60 ጊዜ ምስል የሚቀይር ማለት ነው) ይበቃል። በርካሽ ቲቪ ላይ ሞሽን 120፣ ሞሽን 240 እያሉ የሚጽፉት የሶፍትዌር ነገር ነው፣ ለሱ ብለሽ ብር አትጨምሪ። ፋሲል በ2013 ዋንጫ ሲበላ ያየሁት በ32 ኢንች ነው፣ ኳሷ ወለል ብላ ትታየኝ ነበር!

መምህርት ከቀበሌ 18፦
እኔ ስለ ኢንተርኔቱ ልናገር፣ ባለሱቆች ስለሱ ትንፍሽ አይሉም።

ዩቲዩብ ራሱ ለፉል ኤችዲ 5 ሜጋቢት በሴኮንድ፣ ለፎርኬ ደግሞ 20 ሜጋቢት ፍጥነት ይመክራል። 20 ሜጋቢት በሰዓት ሲሰላ ወደ 9 ጊጋ ይጠጋል። በሞባይል ዳታ ሆትስፖት እያደረጉ ልጆች ከሰዓት በሙሉ ቢያዩ ጥቅሉ በአንድ ቀን ነው የሚያልቀው። እኛ ቤት ልጆቹ የሚያዩትን የምስል ጥራቱን ዝቅ አድርጌ 480 ላይ አድርጌዋለሁ። ካርቱን ነው፣ ምንም አልጎደለባቸውም፣ ለዚያ 1 ሜጋቢት ከምናምን ይበቃል።

ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ስንት ወር እንደቆየን ሁላችንም እናስታውሳለን። ያኔ ስማርት ቲቪ ያለው ጎረቤቴ ቲቪው እንደ መስታወት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ፣ ዲሽ አልነበረውማ። እኛ በዲሽና በፍላሽ ነው ያሳለፍነው። ስለዚህ ስትገዢ መጀመሪያ የምትጠይቂው ያለ ኢንተርኔት ምን ይሠራል ብለሽ ይሁን። በተለይ እናትሽ የሚያዩት የከተራ ሥርጭት የሚመጣው በሳተላይት ነው። ኢንተርኔቱ ቢቆምም ባይቆምም ያዩታል።

ፍላሽ ላይ ፊልም ለምትጭኚው ደግሞ፣ የፍላሹ ፎርማት (ፋይል የሚያስቀምጥበት አሠራር) ፋት 32 ከሆነ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፣ ወደ ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ ቀይሪው። ቲቪው ያንን ማንበቡን ሱቅ ውስጥ ሞክሪ። ዲቲኤስ የሚባለውን ድምፅ የማያጫውቱ ቲቪዎችም ስላሉ ምስል እየመጣ ድምፅ ሊጠፋብሽ ይችላል። ከቤት የምታዪውን ፊልም በፍላሽ ይዘሽ ሂጂና እዚያው አስከፍቺ።

ቦክስ ይሻላል፦
እኔ ግን በስማርቱ አልስማማም። ስማርት የሚባለው ክፍል ቶሎ ያረጃል። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ አንዳንድ የቆዩ ሳምሰንግ ቲቪዎች ላይ መሥራት አቁሟል፣ ስክሪናቸው ግን ደህና ነበር። ተራ ጥሩ ቲቪ ገዝተሽ አንድሮይድ ቦክስ (ተራ ቲቪን ስማርት የሚያደርግ ትንሽ ሳጥን) ብትሰኪበት ቦክሱ ሲያረጅ ቦክሱን ብቻ ትቀይሪያለሽ።

ጠጋኙ፦
ሐሳብህ ልክ ነው ወንድሜ፣ ግን የዚህን ቤት ሰዎች እንይ። ቦክስ ሲጨመር ሁለት ሪሞት ነው፣ ሪሲቨር ካለ ሦስት። ትልቅ ሰው ያለበት ቤት ሦስት ሪሞት ማለት እናትየው ልጅ እስኪመጣ ጠብቀው ነው ቲቪ የሚያዩት። ስማርቱ ሲያረጅ ያኔ ቦክስ ይሰካበታል፣ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ እስካለ ድረስ የሚከለክል የለም።

ስማርቱ ግን የምር ስማርት ይሁን። አንዳንዱ ርካሽ ቲቪ ውስጡ የስልክ አንድሮይድ ነው፣ ሲከፈት ትልቅ ታብሌት ይመስላል፣ በሪሞት ሲነዳ ያስቸግራል፣ ኔትፍሊክስም አይከፍት ወይ አጥርቶ አያሳይ። ጉግል ቲቪ፣ የሳምሰንጉ ታይዘን፣ የኤልጂው ዌብኦኤስ፣ የሃይሴንሱ ቪዳ፣ እነዚህ ለቲቪ ተብለው የተሠሩ ናቸው። ጉግል ቲቪ ከሆነ ራሙ (ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻው) 2 ጊጋ ቢሆን ይመረጣል፣ 1 ጊጋ ከሆነ ዩቲዩብ እስኪከፈት ይሰለቻል።

የማራኪዋ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። በ43ቱ ልቤ ረግቷል። ሁለት ነገር ልጠይቅ። ባለሱቁ ይህ ቲቪ ሪሲቨር አይፈልግም፣ ዲሹን በቀጥታ ነው የሚሰካው አለኝ፣ እውነት ነው? ሌላው ደግሞ መብራቱን ምን ላድርገው? ያው ነገር እንዳይደገምብኝ በጣም ፈርቻለሁ።

ጠጋኙ፦
ሪሲቨሩ እውነት ሊሆን ይችላል። ከኋላው ወይም ካርቶኑ ላይ ዲቪቢ ኤስ2 የሚል ካለ በውስጡ የሳተላይት መቀበያ አለው። ቲ2 ብቻ ከሆነ ግን የአንቴና ነው፣ ለዲሽ አይሆንም። ኤስ2 ካለው እናትሽ በአንድ ሪሞት ይጨርሳሉ ማለት ነው፣ ለኔ ይህ ከሁሉም ትልቁ ጥቅም ነው። ዲሽሽ ወዴት እንደዞረ እዪ። ኢትዮሳት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ነው፣ ናይልሳት ደግሞ 7 ዲግሪ ምዕራብ፣ ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ተራ ዲሽ አታገኚያቸውም። የአገር ውስጥ ጣቢያዎቹ አሁን ኢትዮሳት ላይ ስለሆኑ አሮጌው ዲሽሽ ናይልሳት ላይ ከቀረ መዞር አለበት። ዲኤስቲቪ ግን የራሱን ዲኮደር ይፈልጋል፣ አባባ እሱን የሚያዩ ከሆነ ሁለተኛ ሪሞት አይቀርም።

ወደ መብራቱ ስንመጣ። ብዙዎቹ ቲቪዎች ከኋላቸው ከ100 እስከ 240 ቮልት ተጽፎባቸዋል፣ ስለዚህ መብራቱ ሲደክም ያን ያህል አይጎዱም። የሚገድላቸው ጠፍቶ ሲመጣ የሚመጣው ኃይል ነው። ወደኔ ከሚመጡት ውስጥ ብዙዎቹ መብራት በመጣበት ደቂቃ የተቃጠሉ ናቸው። ስታብላይዘር ግዢ፣ ግን ዲሌይ ያለው ይሁን፣ መብራት ሲመጣ ወዲያው የማይለቅ፣ ጥቂት ደቂቃ አቆይቶ የሚለቅ። ትልቅም አያስፈልግሽም። 43 ኢንች ኤልኢዲ ብዙውን ጊዜ ከ100 ዋት አይበልጥም፣ 1000 ቪኤ የሚለው ከበቂ በላይ ነው። ፍሪጅና ምጣድ እሱ ላይ እንዳትሰኪ። ዲቫይደር ብቻውን አይከላከልም፣ ቀዳዳ ማብዣ ነው።

ከስታብላይዘሩም በላይ ግን መብራት ሲጠፋ ከሶኬቱ ንቀሉት። በሪሞት ማጥፋት ነቀሉት ማለት አይደለም። ክረምት ላይ ደግሞ ነጎድጓድ ሲጀምር የዲሹንም ገመድ ንቀሉ። መብረቅ በዲሹ ገመድ ገብቶ ቦርድ ሲያቃጥል ስንቴ አይቻለሁ፣ ሰዎች የመብራቱን ነቅለው እሱን ይረሱታል።

አፄው ከአዘዞ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የቲቪ ዋጋ ከዶላሩ ጋር ነው የሚሄደው፣ የዛሬ ወር የሰማሽውን ዋጋ ይዘሽ አትሂጂ። ሦስት ሱቅ በአንድ ቀን ጠይቂ። ስትገዢም ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ሙሉ ሥዕል በፍላሽ ይዘሽ ሂጂና አንድ በአንድ ክፈቺ። የሞተች ነጥብ ካለች ወይም መስመር ካለ ያኔ ነው የሚታየው።

የማራኪዋ ልጅ፦
ገዛሁት! ቅዳሜ ከወንድሜ ጋር ሄድን። የመጀመሪያው ካርቶን ሲከፈት ነጩ ሥዕል ላይ ከታች በቀኝ በኩል ጥቁር ነጥብ ታየን፣ በሥዕሎቹ ባንሞክረው ኖሮ በፍጹም አናየውም ነበር። ባለሱቁ ሳያጉረመርም ሌላ ካርቶን ከፈተልን፣ ሁለተኛው ንጹሕ ነው። ጉግል ቲቪ ነው፣ ራሙ 2 ጊጋ፣ ኤስ2 አለው። በጎን ቆሜም አየሁት፣ ቀለሙ አልተለወጠም። ፍላሼን አነበበ፣ አንዱ ፊልም ግን ድምፅ አልነበረውም፣ መምህርት ያሉት ዲቲኤስ መሆኑ ነው። ስታብላይዘሩንም እዚያው ገዛን።

ዲሻችን ናይልሳት ላይ ነበር። ዛሬ ባለሙያ መጥቶ አዞረልን፣ ሰዓት አልፈጀበትም። እናቴ በአንዱ ሪሞት ጣቢያ መቀየር ተለማመደች፣ የምትወዳቸውን ከ1 እስከ 6 ደርድሬላታለሁ። ሶፋዋ ላይ ሆና የሰባኪውን ጥምጣም እጥፋት ቆጠረችልኝ።

ጠጋኙ፦
እንኳን ደስ አላችሁ። ካርቶኑንና ውስጡ ያለውን ስፖንጅ እንዳትጥሉት፣ ለዋስትና ሲመለስም ቤት ስትቀይሩም በሱ ነው የሚጓዘው። ስክሪኑን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ጥረጉ፣ የመስታወት ማጽጃ ሽፋኑን ይጎዳዋል።

የማራኪዋ ልጅ፦
እሺ፣ ካርቶኑ ቁም ሳጥን ላይ ወጥቷል። የከተራ ዕለት እናቴ እንዴት እንዳየችው እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።