ልብ አንጠልጣይ ፊልማችን ለምን የፍቅር ፊልም መሰለ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ላይ የ12 ደቂቃ ልብ አንጠልጣይ ፊልም እየሠራን ነው። አንድ ወጣት አመሻሽቶ ከጅማው መርካቶ ወደ ጅሬን ሰፈር ሲመለስ በቡናው መሀል ሰው ይከተለዋል። ረቂቁን ያዩ ሰዎች ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ «የፍቅር ፊልም ነው?» አሉን። የቀረጽነው በደመናማ ቀን፣ በ50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ የሌንሱን ቀዳዳ በሰፊው ከፍተን (በኤፍ 1.8) ነው። ከሥር ለስላሳ ፒያኖ አለ። ሁለት ኤልኢዲ መብራትና አንድ የደረት ማይክ አለን። ምኑን እንቀይር?

መልስ፣ ስለ መብራት፦
ደመና ብርሃኑን እኩል ስለሚበትነው ሁለቱም ጉንጮች እኩል ይበራሉ። ጥላ የሌለው ፊት ተመልካቹን ዘና ያደርገዋል፤ ለኮሜዲና ለፍቅር የሚመረጠውም ለዚህ ነው። እናንተ ግማሹን ፊት ማጨለም አለባችሁ። ውጭ ላይ መብራት አትጨምሩ፣ ብርሃን ቀንሱ፤ 1 ሜትር ተኩል በ2 ሜትር የሆነ ወፍራም ጥቁር ጨርቅ ከተዋናዩ ጉንጭ ግማሽ ሜትር ርቀት ላይ፣ ከፍሬም ውጭ ያዙ። ቤት ውስጥ አንዱን ኤልኢዲ ከጎን፣ ሌላውን ቀነስ አድርጋችሁ ከኋላ ለትከሻው ጠርዝ። በደማቁና በጨለማው ጉንጭ መካከል 3 ስቶፕ፣ ማለትም 8 ለ 1 ልዩነት ፈልጉ (እያንዳንዱ ስቶፕ ብርሃኑን በእጥፍ ይለውጠዋል)። ለኮሜዲ 1 ስቶፕ ይበቃል። የቤት አምፖል ፍሬም ውስጥ ካለ ሻተሩ፣ ማለትም እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ፣ 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ይሁን፤ የኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ በሌላ ፍጥነት ምስሉ ሊርገበገብ ይችላል።

ቡናው ውስጥ ሌላ ጣጣ አለ። ከቅጠሉ የሚንጸባረቀው አረንጓዴ ፊት ላይ ያርፋል። ዋይት ባላንሱን (የካሜራውን የቀለም ማስተካከያ) አውቶ ላይ አትተዉት፣ በሾቱ መሀል ይቀያየራል። እዚያው ጥላ ሥር ነጭ ወረቀት አሳይታችሁ ቆልፉት። ኋላ ያለውን አረንጓዴ ግን ሙሉ በሙሉ አታጥፉት፤ ለስጋት ይጠቅማችኋል።

ምሽቱን በተመለከተ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚቀረው ብርሃን 20 ደቂቃ ገደማ ብቻ ስለሆነ ሙሉ ትዕይንት አይበቃውም። በቀን ቀርጻችሁ ማታ አስመስሉ፦ 2 ስቶፕ አጨልሙ፣ ምስሉ ወደ ሰማያዊ እንዲያደላ ዋይት ባላንስ 3200 ኬልቪን፣ ሰማይ ፍሬም ውስጥ አይግባ።

መልስ፣ ስለ ካሜራ፦
በመብራቱ እስማማለሁ፤ ቀኑን ማታ የማስመሰሉን ነገር ግን በጠራ ፀሐይ አትሞክሩት። በቅጠል መሀል የሚያልፈው ጨረር ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይቃጠልና ቀን መሆኑን ያሳብቃል። ለዚህ ትዕይንት ደመናው ወዳጃችሁ ነው።

ዋናው ስህተት ግን ኤፍ 1.8 ይመስለኛል። ከኋላ ያለው ሁሉ ሲደበዝዝ ምስሉ ያምራል፣ ተመልካቹም የሚያየው ፊቱን ብቻ ይሆናል። የሚከተል ሰው ያለበት ፊልም ውስጥ ተመልካቹ ከኋላ ያለውን እንዲፈትሽ ነው የምንፈልገው። ሰፋ አድርጎ የሚያሳይ 24 ወይም 28 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ቀዳዳውን አጥብባችሁ ኤፍ 5.6 ተጠቀሙ። ተዋናዩን ወደ ፍሬሙ ጠርዝ ግፉትና ከኋላው ባዶ ቦታ ተዉ። ካሜራ ማዘንበል ካማራችሁ አንዴ ብቻ፣ መከተሉን ባወቀባት ቅጽበት።

መልስ፣ ስለ ድምፅ፦
መጀመሪያ ፒያኖውን አውጡት። ከዚያ ፊልሙን አንዴ ያለ ድምፅ፣ አንዴ ያለ ምስል ለማያውቀው ሰው አቅርቡና ዘውጉን ጠይቁት። የትኛው ወገን እንደሚያሳስት ወዲያው ይለያል።

በየቦታው 60 ሰከንድ የአካባቢ ድምፅ ቅዱ። ወፉና ነፍሳቱ ሲሰሙ ቆይተው አደጋው ከመድረሱ 2 ሰከንድ በፊት ጸጥ ይበሉ። የደረት ማይኩን ከሸሚዙ ፈትታችሁ በ30 ሴንቲሜትር ርቀት በደረቅ ቅጠል ላይ የሚሄድ እግር ቅዱበት፤ ከሙዚቃ ይልቅ እሱ ያስፈራል። 50 ኸርዝ አካባቢ ያለ፣ በጣም ወፍራም ጉርምርምታ ብቻ ብትጨምሩ በስልክ ድምፅ ማጉያ አይሰማም፤ ከላዩ ከ150 እስከ 250 ኸርዝ ያለ ሌላ ድርብ ደርቡበት።

መልስ፣ ስለ ኤዲቲንግ፦
ሰው ከመግባቱ በፊት ባዶውን መንገድ 6 ሰከንድ ያህል አቆዩት። የርዕሱን ፊደልም እዩት፤ የእጅ ጽሑፍ የሚመስል ክብ ክብ ፊደል የፍቅር ፊልም ምልክት ነው። ቀጭን፣ የተራራቀ፣ ጥቁር ላይ ነጭ ይሁን።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ለድጋሚ ቀረጻ ያለን አንድ ቀን ብቻ ቢሆንስ?

መልስ፣ ስለ ካሜራ፦
የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ብቻ እንደገና ቅረጹ። ድምፁ ቀረጻ ስለማይጠብቅ ዛሬውኑ ጀምሩት።