ደብረ ሲና ላይ ስድስት ዳገት በአንድ ጠዋት፦ 39 በ25 ይወጣል?

ጉም ለባሽ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። 12 ነን። በጥቅምት አንድ እሑድ ብስክሌቶቹን በአይሱዙ ጭነን ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና እንወርድና፣ ከተማዋ ውስጥ ቀጥ ብለው የሚወጡ ስድስት መንገዶችን በቡድን አንድ በአንድ ልንወጣ ነው። ደብረ ብርሃን እንደምታውቋት ሜዳ ላይ የተቀመጠች ናት፣ ለዚህ አትሆንም። ደንቡን የወሰድነው ከአሜሪካዋ ፒትስበርግ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ “ደርቲ ደዝን” በሚሉት ውድድር የከተማውን 13 ዳገቶች በአንድ ቀን ይወጣሉ። ከዳገት ዳገት ሁሉም አብሮ ይሄዳል፣ ፉክክሩ ዳገቱ ላይ ብቻ ነው፣ መሐል ላይ እግሩን መሬት ያስነካ ደግሞ ከግርጌው እንደገና ይጀምራል።

ሰባቱ ማውንቴን ነው፤ ከፊት ትንሿ ኮሮና (ካቴናው የሚዞርባት ባለ ጥርስ ክብ) 24፣ ከኋላ ትልቁ 28 ጥርስ። አምስቱ ኮርሳ (ባለ ቀጭን ጎማ የውድድር ብስክሌት) ናቸው፣ 39 በ25፤ ከፊት 39፣ ከኋላ 25 ጥርስ ማለት ነው። ይወጣሉ ወይ? አንደኛው መንገድ ላይ ስልክ አስቀምጠን ስንለካ 25 ዲግሪ አለን፤ ኮብልስቶን ነው። ፍሬን ላይስ ምን ምን ይታይ? ጉልበት ከተረፈ ማጠቃለያውን ከከተማዋ በላይ ያለውን ጣርማ በር ለማድረግም አስበናል።

ውኃ ልክ

መጀመሪያ 25ቱን ዲግሪ እርሱት። ወደ በመቶ ሲለወጥ 47 ነው። በኒውዚላንድ ዱኒዲን ከተማ ያለው ባልድዊን ጎዳና፣ በዳገትነቱ ዓለም የሚያውቀው፣ 35 በመቶ ገደማ ነው፤ በዲግሪ 19 ብቻ። የፒትስበርጉ ካንቶን አቬኑ እንኳ 37 በመቶ ነው የሚባለው። ኮብልስቶን ላይ የተቀመጠ ስልክ የሚለካው ዳገቱን ሳይሆን ከሥሩ ያለችውን አንዲት ድንጋይ ነው። ጂፒኤስም አይረዳችሁም፤ ከፍታን በብዙ ሜትር ስለሚስት 100 ሜትር ለማይሞላ መንገድ ከንቱ ነው።

የግንበኛ ውኃ ልክና 1 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ጣውላ ይበቃችኋል። የጣውላውን አንድ ጫፍ በዳገቱ በኩል መሬት አስነኩ፤ ሌላውን ጫፍ የውኃ ልኩ አረፋ መሐል እስኪገባ ወደ ላይ አንሡ። ከተነሣው ጫፍ እስከ መሬት ያለውን በሜትር ለኩ። 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ዳገቱ 15 በመቶ ነው፤ ሌላ ስሌት የለውም። ጣውላው 2 ሜትር ከሆነ ለሁለት አካፍሉ፤ ኮብልስቶን ላይ እንዲያውም ረጅሙ ይሻላል፣ የድንጋዮቹን ጉብታ ያቻችላል። በየ10 ሜትሩ ለክታችሁ ጻፉ፤ ለምርጫ የሚጠቅማችሁ አማካዩ ሳይሆን ከሁሉ የከፋው 10 ሜትር ነው። ሰው እግሩን የሚያወርደው እዚያ ነውና።

መታጠፊያ ካለ ሁለቱንም ጠርዝ ለኩ። የውስጠኛው ጠርዝ አጭር ስለሆነ ያንኑ ከፍታ በትንሽ ርቀት ይወጣል፤ መሐሉ 14 ያለ መንገድ ውስጡ ከ20 ሊያልፍ ይችላል። ሰፋ አድርጎ በውጭ በኩል መዞር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከ20 በመቶ በላይ የሆነ ኮብልስቶን ባታስገቡ ይመረጣል።

ባለ ካቴናው

ማውንቴኖቹ ይወጣሉ። ኮርሳዎቹን በዚህ ማርሽ አልመክርም። ቁጥሩ እነሆ፦

24 በ28 ባለ 26 ጎማ ላይ አንድ ሙሉ የፔዳል ዙር 1.77 ሜትር ያህል ያስኬዳል። በደቂቃ 60 ዙር ከረገጡ በሰዓት 6.4 ኪሎ ሜትር ነው። 39 በ25 ግን በአንድ ዙር 3.28 ሜትር ይሄዳል፤ በ60 ዙር በሰዓት 11.8 ኪሎ ሜትር። አሁን ሰው፣ ብስክሌትና ውኃ ተደምሮ 80 ኪሎ ይሁን፤ ዳገቱ 15 በመቶ ኮብልስቶን ይሁን። የመጀመሪያው 230 ዋት ገደማ ይጠይቃል፤ ጠንካራ ሰው ለጥቂት ደቂቃ ይችለዋል። ሁለተኛው ከ400 በላይ ነው። ዙሩን ወደ 40 ቢያወርዱት እንኳ 280 አካባቢ ነው፤ በዚያ ዝግታ ደግሞ ፔዳሉ ላይና ታች ሲደርስ ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ሊቆም ይደርሳል፣ ሚዛን የሚጠፋውም በዚያች ቅጽበት ነው። አንዱን ዳገት በንዴት ይወጡት ይሆናል፣ ስድስቱን ግን አይወጡም።

ከኋላ 28 ጥርስ ቢያስገቡ ትንሽ ይቀላል፤ አሮጌ አጭር ማርሽ ቀያሪ ግን ከ28 በላይ አይቀበልም። ሁነኛው መፍትሔ ከፊት 34 ማድረግ ነው። ከኋላ ትልቅ ሲገባ የካቴናው ርዝመት ይታይ፦ ካቴናውን በማርሽ ቀያሪው ውስጥ ሳያሳልፉ በፊተኛውና በኋለኛው ትልልቅ ጥርሶች ላይ ጠምጥሞ ሁለት ዓይን መጨመር። ካጠረና ሰው ተሳስቶ ትልቅ በትልቅ ካስገባ ማርሽ ቀያሪውን ነቅሎት ይመጣል።

ካቴና በማስመሪያ ይለካ። ከፒን እስከ ፒን 24 ዓይን ሲቆጠር አዲስ ካቴና 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 306.3 ከደረሰ ይለወጥ፤ 308 አካባቢ ከሆነ የኋላው ጥርስም አብሮ አልቋልና አዲስ ካቴና ብቻ ቢገባበት ዳገት ላይ ይዘላል። የዘለለ ካቴና ቆሞ የሚረግጥን ሰው ጉልበቱን ከመሪው ጋር ያጋጨዋል።

ሌላው የኋላ ጎማ ነው። ብሎኑ በ15 ቁጥር ቁልፍ በደንብ ካልጠበቀ፣ በትንሽ ማርሽ ሲረገጥ ጎማው በቀኝ በኩል ወደ ፊት ይሳብና ቴላዩን (የብስክሌቱን ብረት አካል) ይነካል። ሰውየው ጉልበት ያነሰው ይመስለዋል፤ ጎማው እየተፋቀ ነው። የማርሽ ቀያሪው መገደቢያ ብሎንም ይፈተሽ፤ ከላላ ካቴናው ከትልቁ ጥርስ አልፎ ራጂ (የጎማው ቀጫጭን ሽቦዎች) ውስጥ ይገባል።

ማርሽ የሚቀየረው ዳገቱ ሳይጀምር ነው፣ አምስት ሜትር ቀደም ብሎ። በኃይል እየረገጡ ከፊት ወደ 24 ለማውረድ መሞከር ካቴና የሚበጥስ ዋነኛው ነገር ነው።

ሸራና ቸርኬ

ስለ መውጣት ብዙ ተባለ። እኔ የምለው ዳገቱን በመውረጃው ምረጡ ነው። ስድስት ዳገት ማለት ስድስት ቁልቁለት ነው፤ በወጣችሁበት ኮብልስቶን መመለስ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። ዞሮ የሚያወርድ አስፋልት ወይም ለዘብ ያለ መንገድ የሌለው ዳገት ምንም ቢያምር ይቅር።

80 ኪሎ ነገር 150 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ 118 ኪሎ ጁል ነው። አንድ ጀበና ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ያ ሁሉ የሚገባው ሸራና ቸርኬ ውስጥ ነው። ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች በስሱ ይዞ የሚወርድ ሰው ቸርኬውን ሳያበርድ ያግለዋል፤ የጋለ ቸርኬ ካላማዳሪውን ያፈነዳል፣ በተለይ ከቫልቩላው ሥርና ከተለጠፈበት ቦታ። ጠበቅ አድርጎ ፍጥነትን መቀነስ፣ ለቆ ማስነፈስ፣ እንደገና መያዝ። ከመታጠፊያው በፊት እንጂ ውስጡ ሆኖ አይያዝም።

ከመሄድ በፊት ሸራው ላይ ያሉት ቦዮች መታየት አለባቸው፤ ከጠፉ ይለወጥ። ሸራው ጎማውን ሳይሆን ቸርኬውን ብቻ ይንካ። ሽቦው እጀታው ጋ የተተረተረበት ካለ (አንድ ክር እንኳ ቢሆን) ይቀየር። እጀታውን እስከ መጨረሻው ጨብጣችሁ ከመሪው ጋር ከተገናኘ ያ ብስክሌት አይወርድም። የቸርኬው ጎን በአልኮል ወይም በሳሙናና ውኃ ይጠረግ፤ ለካቴና የተረጨ ዘይት እዚያ ከደረሰ ሸራው ይንሸራተታል፣ ይጮኻልም።

ንፋስ ላይ፦ 65 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 1.95 ኢንች ስፋት ባለው የማውንቴን ጎማ ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ ይበቃል፤ ባለ 28 ሚሊ ሜትር የኮርሳ ጎማ ከሆነ 70 ገደማ። “ጠንክሮ ሲነፋ ይቀላል” የሚባለው ለአስፋልት ነው። ኮብልስቶን ላይ ጠንካራ ጎማ ከድንጋይ ድንጋይ ይነጥራል፣ የኋላው ሲነጥር ያለ መሬት ይዞራል፤ እግር የሚወርደውም ያኔ ነው።

ጉም ለባሽ

እግዜር ይስጥልን። ውኃ ልክ እንፈልጋለን። አቀማመጥስ? ሁለቱ ባለ ኮርሳዎች ቆመን ነው የምንወጣው ይላሉ። የጣርማ በሩንና የሰዓቱን ነገር የሚያውቅም ካለ።

ባለ ካቴናው

ቆሞ መውጣት ለአስፋልት ጥሩ ነው። እርጥብ ወይም የተወለወለ ድንጋይ ላይ ክብደት ከኋላ ጎማ ስለሚነሣ ይንሸራተታል። ወደ ኋላ ተደላድሎ መቀመጥ ደግሞ የፊት ጎማ ያስነሣል። መሐሉ የኮርቻው የፊት ጫፍ ላይ መቀመጥ፣ ክርን አጥፎ ደረትን ወደ መሪው ዝቅ ማድረግ ነው። መሪውን ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ራስ መሳብ።

ተረከዝ

ጣርማ በርን ለሌላ ቀን አድርጉት። የከተማው ዳገት አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ ወደ ጣርማ በር የሚወጣው ዋናው መንገድ የከባድ መኪና መንገድ ስለሆነ ለዘብ ይላል ግን አያልቅም። ለማነጻጸር፣ 1,280 ሜትር ላይ ካለችው ሸዋ ሮቢት 2,700 አካባቢ ላይ እስካለችው ደብረ ሲና 35 ኪሎ ሜትር ነው፤ በአማካይ 4 በመቶ። ሁለቱ የተለያየ ጉልበት ይጠይቃሉ፤ በስድስት ዳገት ያለቀ እግር ያንን አይጀምርም። ጣርማ በር ላይ በጣሊያን ጊዜ የተሠራው ዋሻ ደግሞ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያለ ፊትና ኋላ መብራት አይገባም፤ ከፀሐይ ገብቶ ዓይን እስኪለምድ ድረስ ሲኖትራክ ከኋላ ይደርሳል። ጉም ከወረደ ዋሻው ጋ መድረሱም አይሞከርም።

ከፍታው ለእናንተ ለደብረ ብርሃኖቹ ችግር አይሆንም፤ እንዲያውም ትንሽ ወርዳችሁ ነው የምትገቡት። ከሸዋ ሮቢት በኩል የሚመጣ እንግዳ ካለ ግን አየሩ ይከብደዋል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዳገቶች ሳይፎካከር ይውጣ።

ሰዓቱን ከጠዋቱ 4 ሰዓት አድርጉት። ማለዳ በጥቅምት ኮብልስቶኑ ላይ ጤዛ አለ፤ የባሕር ዛፍ ቅጠልና የአህያ ፋንድያ ሲጨመርበት ሳሙና ነው። እሑድ ማለዳ ሰው ለቅዳሴ ሲወጣና ሲመለስም መንገዱን ይሞላል፤ ሽማግሌዎች ባሉበት ቁልቁል ብስክሌት መልቀቅ ነውር ነው፣ አደጋም ነው። አስቀድሶ የሚመጣ ካለ ሆዱ ባዶ ነውና ሳይበላ አይጀምር። ለከተማው ትራፊክ ፖሊስ የመንገዶቹን ዝርዝርና ሰዓት በደብዳቤ አስቀድማችሁ ስጡ። በየዳገቱ አናትና በየመስቀለኛው ፊሽካ የያዘ አንድ ሰው ይቁም፤ ባጃጅ ከጎን ብቅ የሚለው ሁልጊዜ አናቱ ላይ ነው። አራት አራት ሆናችሁ በ30 ሰከንድ ልዩነት ተነሡ፤ 12 ሰው በአንድ ጊዜ ከወጣ አንዱ ሲቆም ከኋላው ያሉት ሁሉ እግር ያወርዳሉ፣ ከዚያ ጭቅጭቅ ነው።

ለመጠጥ፦ በግማሽ ሊትር ውኃ ሦስት የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ ሁለት ማንኪያ ስኳር፣ ቁንጥር ጨው። በሶው በወንፊት ይነፋ፤ ካልተነፋ ወይም ከወፈረ የጠርሙሱን አፍ ይደፍነዋል። ይህ ለአንድ ሰዓት ያህል ነው። ተጨማሪ ንጹሕ ውኃ ለየብቻ ይያዝ።

ጉም ለባሽ

ተቀብለናል። ጣርማ በር ተሰርዟል፤ አራተኛው ዳገትም መውረጃ ስለሌለው ወጥቷል። ከአምስቱ ኮርሳዎች ሦስቱ ከፊት 34 ያስገባሉ፣ ሁለቱ ማውንቴን ይዋሳሉ። ጣውላውንና ውኃ ልኩን ይዘን ስንለካ ቁጥሮቹን እዚሁ እጽፋለሁ።