«ክራውን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ዘውድን ብቻ ነው የሚያመለክተው?

ጥያቄ፦ በአንድ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ውሳኔ ላይ ከሳሹ «ክራውን» ተብሎ ተጠቅሷል። ንጉሥ የሚደፋው ዘውድ እንዴት ሰው ሊከስ እንደሚችል ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ በዚህ አገባቡ ቃሉ ዕቃውንም ሆነ በዙፋኑ የተቀመጠውን ግለሰብ ሳይሆን፣ መንግሥትን እንደ ሕጋዊ አካል ያመለክታል። በእንግሊዝ የወንጀል ክስ የሚቀርበው በንጉሡ ወይም በንግሥቲቱ ስም ቢሆንም፣ ጉዳዩን የሚከታተለው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ስለዚህም በ2022 እ.ኤ.አ. ንግሥት ኤልሳቤጥ ሲያርፉ የተጀመሩ ክሶች አልተቋረጡም።

ሌላ መልስ፦ የዛፍ አናትና ሐኪም በተጎዳ ጥርስ ላይ የሚያለብሰው ሽፋንም በዚሁ ቃል ይጠራሉ። በቀድሞው የእንግሊዝ ገንዘብ ደግሞ ክራውን 5 ሺልንግ፣ ማለትም የፓውንድ ሩብ ነበር።

ተጨማሪ፦ «ክራውን ፕሪንስ»ን «የዘውድ ልዑል» እያሉ የሚተረጉሙ አሉ፤ አልጋ ወራሽ የሚለው ግን እያለ ይህ ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም።