ማታ ማታ እግሬ ይከብደኛል፣ ያብጣል፤ ድካም ነው ወይስ የደም ሥር በሽታ ጅማሬ?

ጠያቂ (ፀጉር ሠሪ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ፀጉር መሥራት ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ቆሜ ነው የምውለው። የምቀመጠው ደንበኛ ሲጠፋ ብቻ ነው። ዕድሜዬ 34 ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ።

ሁለተኛዋን ልጄን ከወለድኩ ወዲህ እግሬ ተለውጧል። ጠዋት ስነሳ ምንም የለኝም። ወደ ማታ ግን ባቴ ይከብደኛል፣ ውስጥ ውስጡን ይጠዘጥዘኛል። ካልሲዬን ሳወልቅ ላስቲኩ ያረፈበት ቦታ ጎድጉዶ ይቆያል። በግራ እግሬ ይብሳል። አንዳንድ ሌሊት ባቴን ጨምድዶ ይዞ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል። ከግራው ቁርጭምጭሚቴ በላይ፣ በውስጥ በኩል ደግሞ ያሳክከኛል። ቅባት ስቀባው ለጊዜው ተወት ያደርገኝና ተመልሶ ይመጣል።

ያበጠና የተጠማዘዘ ደም ሥር ግን የለኝም። ጭኔ ላይ ቀጫጭን ሰማያዊ መስመሮች አሉ፣ በቃ። ግራ የገባኝም ለዚህ ነው። የእናቴ እግር ላይ ደም ሥሮቹ ከሩቅ ይታያሉ። ቁርጭምጭሚቷ አጠገብ ያለው ቆዳ ጠቁሮና ደርቆ ቆየ፣ ከዚያ ቁስል ወጣባት። ለመዳን ብዙ ወራት ፈጅቷል። ያንን ቁስል የማጥብላት እኔ ነበርኩ። ለዚህ ነው የምፈራው።

የሥራ ባልደረቦቼ «ድካም ነው፣ ሁላችንም እንዲሁ ነን» ይሉኛል። ድካምን ከደም ሥር በሽታ በምን ልለየው? ደም ሥሩ ሳያብጥ በሽታው ሊጀምር ይችላል?

ነርስ (የእግር ቁስል ሕክምና ክፍል)

እህቴ፣ በጊዜ በመጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። እኔ የምሠራው እግራቸው ላይ ቶሎ የማይድን ቁስል የወጣባቸው ሰዎች በሚታከሙበት ክፍል ነው። ቁስሉን እያሸግኩ «መጀመሪያ ምን ነበር የተሰማዎት?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። ብዙዎቹ የሚነግሩኝ አንቺ የጻፍሽውን ነው። ማታ መክበድ፣ ማታ ማበጥ፣ ማሳከክ። ያኔ ከቁም ነገር የቆጠረላቸው ሰው አልነበረም።

አዎ፣ ከውጭ የሚታይ ያበጠ ደም ሥር ሳይኖር በሽታው ሊጀምር ይችላል። ደም ከእግር ወደ ልብ ሲመለስ የሚጓዘው ሽቅብ ነው። የባት ጡንቻ በተራመድሽ ቁጥር እየተጨመቀ ይገፋዋል። ደሙን ወደ ልብ በሚመልሱት ደም ሥሮች፣ ማለትም በደም መልሶቹ ውስጥ ደግሞ ትንንሽ ቫልቮች አሉ። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚከፈት በር ናቸው፤ ደሙን ወደ ላይ ያሳልፉና ተመልሶ እንዳይወርድ ይዘጋሉ። ቫልቮቹ ሲላሉ ደሙ ቁልቁል ይመለሳል፣ ታች ይጠራቀማል፣ ግፊቱ ይጨምራል። ግፊቱ ሲበዛ ፈሳሽ ከቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች እየወጣ ዙሪያውን ያሳብጣል። አንድ ቦታ ቆመሽ ስትውዪ ደግሞ ባትሽ አይንቀሳቀስምና ደሙን የሚገፋው የለም። የተበላሸው ደም መልስ ከቆዳ ራቅ ብሎ ውስጥ ካለ ከውጭ ምንም ላታዪ ትችያለሽ።

ለመለየት እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ሰዓቱን ነው። የደም መልስ ችግር ቀኑ በገፋ ቁጥር ይብሳል። ጠዋት ቀሎሽ ትነሻለሽ፣ ማታ ይከብድሻል፣ እግርሽን ከልብሽ ከፍታ በላይ አድርገሽ ስትጋደሚ ይለቅሻል። ሙቀት ያብሰዋል። መራመድ ብዙ ጊዜ ያሻሽለዋል። ሲራመዱ ባት የሚይዝና ቆም ሲሉ የሚለቅ፣ እግር ከፍ ሲል የሚብስ ሕመም ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እግሩም ቀዝቀዝ ሊል ይችላል። ያ የደም ቅዳ (ደምን ከልብ ወደ እግር የሚያመጣው ደም ሥር) መጥበብ ሊሆን ስለሚችል በሐኪም መታየት አለበት።

በካልሲው ምልክት ብቻ አትፍረጂ። ጠባብ ካልሲ ጤነኛ እግርም ላይ ምልክት ይተዋል። ይልቅ ማታ ከቁርጭምጭሚትሽ ትንሽ ከፍ ብለሽ፣ ከፊት አጥንቱ ላይ፣ በአውራ ጣትሽ ጫን አድርገሽ ለጥቂት ሰከንድ ያዢው። ስትለቂው ከጎደጎደ እዚያ ፈሳሽ አለ ማለት ነው። ጠዋት ከአልጋ ሳትወርጂ ድገሚው። የማታውና የጠዋቱ ልዩነት ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው። የልብስ ሜትር ካለሽ ሁለቱንም ባቶችሽን በተመሳሳይ ከፍታ ለኪያቸው።

ጭንሽ ላይ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ብዙ ሰው ላይ አሉ። ከ1 ሚሊ ሜትር የቀጠኑ ሆነው ሌላ ምልክት ከሌለ እምብዛም አያሳስቡም። ቫሪኮስ የሚባሉት ያበጡ ደም ሥሮች ቆመሽ ሲታዩ 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሰፉት ናቸው። እኔ ከጭኑ ይልቅ የቁርጭምጭሚትሽን የውስጥ ጎን እንድታዪልኝ እፈልጋለሁ። ጥሩ ብርሃን ባለበት ለጥቂት ደቂቃ ከቆምሽ በኋላ እዪው። ከአጥንቱ በታች፣ ወደ እግርሽ ጠርዝ በማራገቢያ ቅርጽ የተበተኑ ሰማያዊ ወይም ቀላ ያሉ ቀጫጭን ደም ሥሮች ካሉ ለሐኪም አሳዪ። ቦታው ራቅ ያለ ስለሆነ ሰው አያየውም፤ የእግር ቁስል በብዛት የሚወጣው ግን እዚያው አካባቢ ነው።

ቆዳውንም እዪ። ግፊቱ ሲቆይ ቀይ የደም ሴሎች ከደም ሥር ሾልከው ይወጣሉ። ሲፈርሱ ውስጣቸው ያለው ብረት ቆዳው ውስጥ ይቀራል። የእናትሽ ቆዳ መጥቆር ምክንያቱ ይህ ይመስለኛል። ፈካ ባለ ቆዳ ላይ ቡናማ ሆኖ ይታያል። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ግን ከዙሪያው የባሰ የጠቆረ ወይም ግራጫ ቦታ ነው የሚሆነው፣ በቀላሉም ያመልጣል። መቆጣቱም ቀልቶ አይታይም። ስለዚህ በመዳፍሽ ዳሺው። ሞቆ፣ ሸክሮ፣ ተወጥሮ ወይም ጠንክሮ ከሆነ ቀለሙ ባይለወጥም ምልክት ነው።

ማሳከኩን አትናቂው። በአንድ እግር፣ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ፣ ከማታ እብጠት ጋር የሚመጣ ከሆነ ከደም መልስ የመጣ ችፌ ሊሆን ይችላል። እባክሽ አትከኪው። ብዙ ቁስል የሚጀምረው ከትንሽ ጭረት ነው። የሌሊቱ ጭምደዳ ብቻውን ብዙ አይነግረንም፤ ደም ሥሩ ጤነኛ የሆነ ሰውንም ይይዘዋል።

የእናትሽ ታሪክ፣ እርግዝናዎቹና ቆመሽ መዋልሽ ሲደመሩ እኔ ብሆን እመረመራለሁ።

የረጅም መንገድ ሹፌር

ነርሷ በደንብ አስረድታለች። እኔ ስለ ድንገተኛው ልጨምር።

የእኔ ቀስ ብሎ አልመጣም። ብዙ ሰዓት ከነዳሁ በኋላ ቀኝ ባቴ አበጠ። ከግራው ጋር ሳስተያየው ልዩነቱ ግልጽ ነበር። ይሞቃል፣ ሲነካ ያማል፣ ቆዳው ተወጥሯል። ረዳቴ አየውና መሪውን ተቀብሎኝ በቀጥታ ሐኪም ቤት ወሰደኝ። በአልትራሳውንድ ሲታይ በጥልቁ ደም መልስ ውስጥ ደም ረግቷል ተባለ። ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ለወራት ወሰድኩ።

የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ላይ ከደረሰ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ አንድ እግር ድንገት ካበጠና ካመመ አታሹት፣ ለነገም አታሳድሩት። ትንፋሽ ካጠረ፣ ሲተነፍሱ ደረት ላይ ከወጋ ወይም ደም ያለበት አክታ ከመጣ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ነው።

አሁን በየመሀሉ መኪናውን አቁሜ እራመዳለሁ። ቀኙ እግሬ ግን እስካሁን ማታ ማታ ያብጣል። የረጋው ደም ቫልቮቹን ስለጎዳ ነው ተብያለሁ። እህቴ፣ ከዚህ በፊት ደም ረግቶብሽ የሚያውቅ ከሆነ ለሐኪሙ መጀመሪያ እሱን ንገሪው።

ጠያቂ (ፀጉር ሠሪ)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ደም ረግቶብኝ አያውቅም።

ማታ በጣቴ ጫን አድርጌ አየሁት። ግራው ጎደጎደ፣ ቀኙ ላይ ብዙም የለም። ጠዋት ሁለቱም ደህና ናቸው። ግራው ቁርጭምጭሚቴ ውስጥ በኩል ያልሽው ዓይነት ቀጫጭን ደም ሥር አለ፤ እስከ ዛሬ ልብ ብዬው አላውቅም። ቆዳው ሸከር ይላል እንጂ አልጠነከረም። ቀጠሮ ይዣለሁ።

እስከዚያ ያንን ጠበቅ ያለ የግፊት ካልሲ ገዝቼ ልጀምር? ለሐኪሙስ ምን ልንገረው?

ጡረታ የወጣሁ መምህርት

ልጄ፣ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ነው ያሳለፍኩት። አንድ ነገር ልንገርሽ። ሐኪም ፊት ስንቀርብ ሁላችንም ሕመማችንን እናሳንሳለን። «ትንሽ ይደክመኛል» ብለሽ እንዳትመለሺ። እዚህ እንደጻፍሽው አድርገሽ ንገሪው፣ ካስፈለገም ጽሑፍሽን አንብቢለት። እኔን የመረመረኝ ሐኪም ጫማዬንና ካልሲዬን አስወልቆ፣ አቁሞ ነው ያየኝ። ልብስሽን ሳታወልቂ ከወንበር ሳትነሺ «ደህና ነሽ» ካሉሽ ሌላ ጋ ሂጂ።

ነርስ (የእግር ቁስል ሕክምና ክፍል)

እማማ ያሉት ትክክል ነው።

ካልሲውን ሐኪሙ እስኪያይሽ አቆዪው። የግፊት ካልሲ ይጠቅማል፣ ግን ደም ቅዳው የጠበበ እግር ላይ ሲደረግ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። በተለይ ስኳር ያለበት ወይም የሚያጨስ ሰው አስቀድሞ የእግሩ የደም ቅዳ ፍሰት ሊለካለት ይገባል። ሲታዘዝልሽ በቁጥር ነው የሚታዘዘው፤ ለምሳሌ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ (የግፊት መለኪያ ነው)። እግርሽን የሚለኩሽ ጠዋት ሳያብጥ ቢሆን ይሻላል። ጠዋት ትለብሺዋለሽ፣ ማታ ስትተኚ ታወልቂዋለሽ። ጫፉ ከጉልበት በታች ተጠቅልሎ እንዳያንቅሽ ተጠንቀቂ።

ቀጠሮሽን ከቻልሽ ወደ ማታ አድርጊው። ጠዋት ከሄድሽ እግርሽ ምንም ላያሳይ ይችላል። ካልሆነ የማታውንና የጠዋቱን እግርሽን በተመሳሳይ ብርሃን ፎቶ አንስተሽ ያዢ። የእናትሽን ቁስል፣ እርግዝናዎችሽንና የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ንገሪው፤ የወሊድ መከላከያንም ጨምረሽ። እግር የሚያሳብጡ መድኃኒቶች አሉ፣ ለደም ግፊት የሚሰጠው አምሎዲፒን አንዱ ነው። ሁለቱም እግሮች እኩል ሲያብጡ ደግሞ ልብ፣ ኩላሊትና ጉበትም መታየት አለባቸው።

የሚታዘዝልሽ ምርመራ ዶፕለር አልትራሳውንድ ይመስለኛል። መርፌ የለውም፣ አያምም። ባለሙያው ባትሽን ጨመቅ አድርጎ ሲለቀው ደሙ ወደ ኋላ ይመለስ እንደሆነ ያያል። ከቆዳ ሥር ባሉት ደም መልሶች ከግማሽ ሰከንድ በላይ ወደ ኋላ ከፈሰሰ ቫልቩ አልዘጋም ይባላል። ቫልቭ የሚፈተነው ቆመሽ ነው። ተኝተሽ ብቻ ከተመለከቱሽ «ቆሜስ አይታይም?» ብለሽ ጠይቂ።

ሐኪሞች በሽታውን ከሲ0 እስከ ሲ6 ደረጃ ይሰጡታል። ሲ1 ቀጫጭኖቹ መስመሮች ናቸው፣ ሲ2 ቫሪኮስ፣ ሲ3 እብጠት፣ ሲ4 የቆዳ ለውጥ። ሲ6 ክፍት ቁስል ነው። ቁስሉ የዳነለት ሰው ሲ5 ይባላል፤ እናትሽ እዚህ ላይ ናቸው። ደረጃውን ጠይቀሽ ጻፊው፣ በሚቀጥለው ዓመት ለማወዳደር ይጠቅምሻል።

እስከዚያው ደንበኛ እየሠራሽም ቢሆን ተረከዝሽን ከወለሉ ከፍ ዝቅ አድርጊ፣ ባትሽ ይሥራ። ማታ እግርሽን ትራስ ላይ ከፍ አድርጊ። ሽታ የሌለው ቅባት ተቀቢ። ቫልቩ ተበላሽቷል ከተባለም ደም ሥሩን ከውስጥ በሙቀት ወይም በመርፌ በሚሰጥ መድኃኒት መዝጋት ይቻላል፣ ደሙ በሌሎቹ ጤነኛ ደም መልሶች ይመለሳል።

ለእናትሽ ደግሞ አደራ። የዳነ ቁስል ተመልሶ የመውጣት ልማድ አለው። ካልሲ ታዞላቸው ከነበረ «ድኛለሁ» ብለው እንዳያወልቁት፣ ቆዳቸውንም በየቀኑ ቅባት ይቀቡ። ያበጠው ደም ሥራቸው ተነክቶ ቢደማ ወዲያው አስተኚያቸው፣ እግራቸውን ከፍ አድርገሽ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቀሽ ተጫኚው። ካልቆመ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።

ወንድሜ ሹፌሩ፣ ያ የማታ እብጠት ክትትል ይፈልጋል። ካልሲ ታዞልህ የማያውቅ ከሆነ በሚቀጥለው ቀጠሮህ አንሳው፣ የቁርጭምጭሚትህንም የውስጥ ጎን አሳያቸው።