የቢራቢሮ ክንፍ ከዳር እስከ ዳር ጥርት ብሎ እንዲወጣ ምን ልግዛ?

ቢሾፍቱ ግቢያችን ውስጥ ያለው የወፍ ቆሎ ሲያብብ ቢራቢሮ አይጠፋበትም። ከሁሉም የምወዳት ጥቁር ክንፏ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ያላትን፣ እንቁላሏን ሎሚና ብርቱካን ቅጠል ላይ የምትጥለውን ትልቋን ነው። እሷ ግን አበባውን ስትቀስም እንኳ ክንፏን ማርገብገብ አታቆምም።

ካሜራዬ ካኖን 250ዲ ነው፤ ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8፣ ከኋላው 12 ሚሊ ሜትር ኤክስቴንሽን ቲዩብ (ሌንሱ በቅርብ እንዲያነሳ የሚያስችል ባዶ ቀለበት) አለው። በዚህ ለማንሳት እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ድረስ መጠጋት አለብኝ።

የሌንሱን ቀዳዳ ሰፋ አድርጌ በኤፍ 2.8 ሳነሳ ዓይኗ ጥርት ይላል፣ የክንፏ ጫፍ ግን ይደበዝዛል። ቀዳዳውን አጥብቤ ኤፍ 11 ላይ ሳደርገው ክንፉ በሙሉ ጥርት ይላል፤ ነገር ግን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ገና ፀሐይ እየሞቁ ረጋ ብለው በሚቀመጡበት ጊዜ፣ ብርሃኑ ስለማይበቃ የሹተር ፍጥነቱ (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) ወደ 1/60 ሰከንድ ይወርዳል። ትንሽ ነፋስ አበባውን ካወዛወዘው ፎቶው አለቀለት። አይ.ኤስ.ኦ.ውን (የካሜራውን ለብርሃን ያለውን ስሜት) 3200 ሳደርሰው ደግሞ የክንፏ ረቂቅ ቅርፊት በቅንጣት ይሸፈናል፤ እኔ የምፈልገው ደግሞ በተለይ እሱን ነው። ትራይፖድ አስተካክዬ እስክጨርስ ትበራለች። የካሜራው የራሱ ፍላሽ ብርሃኑ ኃይለኛ ሆኖ የአበባውን ቀለም ያነጣዋል፣ የሌንሱም ጥላ ያርፍበታል።

ያለኝ ገንዘብ ለአንድ ዕቃ ብቻ ይበቃል። ብርሃኑን የሚያለሰልስ ሽፋን ያለው ውጫዊ ፍላሽ ልግዛ፣ ወይስ ራቅ ብዬ እንዳነሳ ያገለገለ 55-250 ሚሊ ሜትር ሌንስ?